በክርስትና ስማቸው

ነርሷ አይናለም መልቀቂያዋን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ለሙሰብ ያስገባችው ጠዋት ነበር። ሙሰብ አነበበና መልሶ ሰጣት።

«እህቴ፣ ሁለቱ ነርሶች ባሕር ዳር ገቡብኝ። ተተኪ ሳላገኝ አንቺን አልለቅሽም። ከፈለግሽ ክሰሺኝ!»

ነሐሴ ነው። ከወረታ በታች ሜዳው ውኃ ተኝቶበታል፤ ወባው ተነሥቶ የቁሐር ሚካኤል ሰው በቃሬዛ እየመጣ ነው። ለሠላሳ ስምንት በሽተኛ እሷ ብቻ።

የስኳር መርፌ ተራ ሲደርስ ካርዱን አየችና «ኪዳነ ማርያም!» ብላ ተጣራች።

«አቤት» አሉ አግዳሚው ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ።

ወጋቻቸው። መርፌውን ሳትጥል አንድ ጎልማሳ ከደጅ ገባ። «ሲስተር፣ ውጭ ወጥቼ ነው። የስኳሩ ኪዳነ ማርያም እኔ ነኝ።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ ስምዎ ማን ነው?»

«ደሞዝ። የክርስትናዬ ኪዳነ ማርያም ነው። የታመመ ሰው በሱ አይደል የሚጠራ?»

የመጡት ወባ ይዟቸው ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አሁን ያለ ስኳር በሽታ ኢንሱሊን ተወግተዋል። ግሉኮስ ከጓዳው ካለቀ ሳምንቱ ነው። እየሮጠች ስኳር በጥብጣ አመጣችላቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። «ፍልሰታ ነው ልጄ። ቅዳሴ ሳይወጣ?»

«ተያቸው» አለች ልጃቸው ሸዋነሽ። «ቢሞቱ አይገድፉም።»

ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ምላሳቸው ተሳሰረ። አይናለም ዙሪያውን አየች፤ ስሕተቷን ያወቀ የለም። ዝም ብትል ወባው ገደላቸው ይባላል። ይህ ሐሳብ በልቧ ማለፉ ከሁሉ በላይ አስፈራት። ጌታ ሆይ፣ ብላ ተንበረከከች።

«አባቴ፣ የሌላ ሰው መድኃኒት ነው የወጋሁዎ። ይህን ካልጠጡ ይሞቱብኛል።»

«ምን አልሽ አንቺ!» ሸዋነሽ የራሷን ነጠላ ጨብጣ ጮኸች። «አባቴን ገደልሽብኝ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በግድ ገለጡ። «ተይ፣ አትጩሂ። እውነቱን ነግራኛለች። ለንስሐ አባቴ... ነርሷ አስገደፈችኝ እላለሁ።»

ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ ጠጡ። ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ደግማ በጠበጠች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በየሩብ ሰዓቱ ጣታቸውን እየወጋች ለካች። የበሽተኛው ወረፋ በሩን ዘግቶ ያጉረመርማል፤ እሷ ግን ከአጠገባቸው ስትነሣ የሚሞቱ እየመሰላት አልተነሣችም። ስሕተቱን በእጇ ካርዳቸው ላይ ጻፈችው፤ ሙሰብ አንብቦ አንገቱን ደፋ።

ስኳራቸው ተመለሰ። ላባቸው ደረቀ፤ ራበኝ አሉ።

ሸዋነሽ የአባቷን ጋቢ እያስተካከለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ ጠየቀች። «የወባውን መርፌ ነገም ይወጋሉ ተብሏል። ነገ ተረኛዋ ማን ናት?»

አይናለም የስኳር መለኪያውን አስቀመጠች።

«እኔው ነኝ። ብቻዬን።»

ሸዋነሽ የአባቷን ክንድ ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችው።