የሰዓት ሠሪው መቃወሚያ

ያንን አንቀጽ የጻፈው ሰውዬ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ። ለግልግል ዳኝነት የተመረጠ ሰው፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር ያለውን ወይም የነበረውን፣ ገለልተኝነቱን የሚያጠራጥር ማናቸውንም ግንኙነት በሁለቱም ፊት ይገልጻል ይላል። ዝምድናና ሽርክና ብሎ ቢያቆም ምን ነበረበት? ማናቸውንም አለና ኢንጂነሯን ሦስት ቀን ሙሉ እህል ውሃ አስረሳት።

ኢንጂነሯ ጡረታ ከወጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ ከተማውን ለቃ ከሠላሳ ዓመት በላይ ድልድይ ስትሠራ ኖረች። ነገረ ሥራዋ ሁሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሠራተኞቹ "ውሃ ልክ" ይሏት ነበር። ከተመለሰች ወዲህ የከተማው የግልግል ማዕከል የግንባታ ጠብ ሲመጣለት እሷን ይጠራል። የአሁኑ ጠብ ቀላል ነው። አንድ ሰዓት ሠሪና አንዲት ባለላውንደሪ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የሴትዮዋ ማሽኖች ልብስ መጭመቅ ሲጀምሩ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ የሰውዬው ሰዓቶች ይዛባሉ። ግድግዳውን ማን ያጠናክር? ይኸው ነው። ፋይሉን ገልጣ የሰዓት ሠሪውን ስም እስክታነብ ድረስ ማለት ነው።

ስሙን ስታይ ፋይሉን መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሦስት ቀን ሕልም ይሁን እውን ለራሷም አልለየላት። ሻይ ታፈላለች፣ ሳትጠጣው ይበርዳል። መንገድ ስትሄድ እግሯ መሬት የሚረግጥ አይመስላትም። አንዴ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ተመልሳ የሃያ ዓመት ልጅ ሆነች። ከኮሌጅ ወጥታ የዚያችን ጠባብ ሱቅ በር ገፋች። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፣ ሁሉም የየራሱን ይቆጥራል። ወጣቱ ሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽሩን ካንድ ዓይኑ ላይ አንስቶ ቀና አለና ፈገግ አለላት። ስትባንን መውረጃዋን ሁለት ፌርማታ አልፋለች።

ደግሞ እኮ ዝም ማለት ትችላለች። ማን ያውቅባታል? ዝም ካለች ክርክሩ የሚቆይበትን ስድስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ ድምፁን ትሰማለች። ከተናገረች ውርደቱ አለ፣ ከዳኝነቱም ትነሳ ይሆናል፣ እሱንም ሁለተኛ አታየው ይሆናል። እውነቱን እንናገር ካልን ዝም ማለት በጣም አማራት።

የማዕከሉ መሰብሰቢያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አረንጓዴው መጋረጃ የረፋዱን ፀሐይ ስለሚያጣራው ሰው ሁሉ ውሃ ሥር የተቀመጠ ይመስላል። ስትገባ ሰዓት ሠሪው ብድግ አለ። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ትከሻው ጎበጥ ብሏል። በአንገቷ ሰላም ብላው ቦታዋን ያዘች።

የማዕከሉ ጸሐፊ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ክርክሩ በስድስት ወር ያልቃል፤ የተባለው ሁሉ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ዳኛዋ ውሳኔ እስክትሰጥ ድረስ ካንደኛው ወገን ጋር ለብቻ አትነጋገርም። ባለላውንደሪዋ ተራዋን ሳትጠብቅ ገባችበት። እኔ አራት ልጅ የማሳድግበት ሥራ ነው፣ እሱ ሚስት የለው ልጅ የለው፣ ዕድሜ ልኩን ከሰዓት ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው አንድ ደቂቃ ቢዛባበት ምን ይቀርበታል አለች። ኢንጂነሯ ሚስት እንደሌለው ሰማች። የቀረውን አልሰማችውም።

ጸሐፊው ግንኙነት የሚገለጽበትን ቅጽ አቀረበላት። ብዕሩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ስትናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

"ተማሪ ሳለሁ አንድ ዓመት ሙሉ ሰዓቴን ኚህ ሰውዬ ጋ አሠራ ነበር" አለች። "ሰዓቴ ደህና ነበር። እኔው ነበርኩ ሆን ብዬ እያቆምኩ የምወስደው። እወዳቸው ነበር፣ ሳልነግራቸው ሄድኩ። ግድግዳውን በትክክል መለካት እችላለሁ። እሳቸውን ግን እንደማንኛውም ሰው አያለሁ ብዬ መማል አልችልም።"

ጸሐፊው የሚጽፈው ጠፍቶት ብዕሩን ሲያገላብጥ ቆየ። ደንቡ ግን ለዚህም መላ አለው፤ ሁለቱም ሰምተው አንቃወምም ካሉ ዳኛዋ ትቀጥላለች። መጀመሪያ ባለላውንደሪዋ ተጠየቀች። ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች፣ እህቴ፣ እርስዎ ይሙቱ፣ እንዲህ ያለ እውነተኛ ዳኛ ከየት ይገኛል፣ ካሻቸው ይፍረዱብኝ፣ አልቃወምም አለች።

ሁሉም ወደ ሰዓት ሠሪው ዞሩ። ኢንጂነሯ ጠረጴዛውን እያየች በልቧ ለመነች። እሺ ይበል ብቻ። ሌላው ይቅር፣ በየሳምንቱ ማየቱ ይበቃኛል።

"እኔ እቃወማለሁ" አለ።

እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። በዚህ ዕድሜ፣ በሰው ፊት፣ ምን አቀበጠኝ እያለች ወረቀቶቿን ወደ ቦርሳዋ መክተት ጀመረች። ጸሐፊው መቃወሚያ ያለ ምክንያት እንደማይመዘገብ ነግሮ ምክንያቱን ጠየቀው።

"ዳኛ ከሆኑ ለብቻ ማነጋገር ክልክል ነው ብለው አሁን አነበቡልን" አለ ሰዓት ሠሪው። የሚያየው ጸሐፊውን አልነበረም። "ያኔ መናገር ፈርቼ ቀረሁ። አሁን ደግሞ ስድስት ወር ጠብቅ አትበሉኝ።"

ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ቃል በቃል መዘገበው።