ሃያ እና ሃያ አንድ

«አባትሽን የት ነው ያደረግሽው? ጎን ለጎን ናችሁ አላልሽንም?» እናትየዋ በስልክ አምባረቀች። ጩኸቷ ከስልኩ ቀድሞ በአዳራሹ በር በኩል ተሰማ።

ፕሮግራመሯ ላፕቶፗን ታቅፋ ከቲኬት ቢሮው ሮጣ ወጣች። የቲያትር ቤቱን ወንበር የሚያከፋፍለው አዲሱ ፕሮግራም የእሷ ሥራ ነው። ዛሬ የመጀመሪያ ቀኑ ስለሆነ ወላጆቿን ጋብዛለች። አባቷ ቲያትር ሲወድ ለጉድ ነበር፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ግን ዝር ብሎ አያውቅም። የታሰበው እናትየዋ አጠገቡ ተቀምጣ መድረኩ ላይ የሚሆነውን በጆሮው እንድትነግረው ነበር።

እናትየዋ ግን የፊተኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ላይ ናት፤ ሃያ ቁጥር። አባትየው ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ላይ፣ ሃያ አንድ ቁጥር፣ በትሩን ጉልበቱ መሀል አቁሞ ይጠብቃል።

«ከሃያ ቀጥሎ ሃያ አንድ አይደል እንዴ?» አለችው ፕሮግራመሯ የአዳራሹን ኃላፊ፤ ላብ አጥምቋታል።

«እሱማ ነው። ግን አንቺ ልጅ፣ እዚህ አዳራሽ አንድ ቀን እንኳ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

አልገባችም። በምን ጊዜዋ! ቁጥሮቹን በስልክ ተቀብላ አሬይ ውስጥ ደረደረቻቸው። አሬይ በኮምፒውተር ሚሞሪ ውስጥ ምንም ክፍተት ሳይኖር ተያይዘው የሚቀመጡ እኩል እኩል ክፍሎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የት እንዳለ ከታወቀ ሌላው ተቆጥሮ ይደረስበታል። እዚያ ሁሉም አንድ ረጅም መስመር ስለሆነ ሃያና ሃያ አንድ ትከሻ ለትከሻ ናቸው። እዚህ ግን ረድፍ የሚባል ነገር አለ፣ ረድፍ ደግሞ ያልቃል! ይህን ለፕሮግራሙ ለመንገር ትንሽ ኮድ ይበቃ ነበር። ኤጭ!

«እባክዎ፣ ከአባቴ ጋር ቦታ ይቀያየሩልኝ» ብላ ከእናቷ አጠገብ ያለውን ወፍራም ሰውዬ ለመነች።

«ከባለቤቴ ልለይ?»

«እሺ፣ ረድፉ በሙሉ አንዳንድ ወንበር ወደዚያ ቢጠጋስ?»

«ጫፍ ላይ ያለችው ልጄ ናት» አለች አንዲት ሴት ከወዲያ። «እሷን ብቻዋን ኋላ ረድፍ ልትጥያት ነው?»

እውነቷን ነው። በሞላ አሬይ መሀል አንድ ነገር ልጨምር ካሉ ሁሉም ይገፋል፣ የመጨረሻው ከመስመሩ ተገፍቶ ይወጣል። ይህንን ስታጠና አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም ነበር።

«እማዬ፣ አንቺ ብትነሺስ?»

«በዚህ ጉልበቴ? ከተቀመጥኩ ተቀመጥኩ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።»

መብራቱ ደበዘዘ። ኃላፊው ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ወሰዳት። «ከእረፍቱ በፊት አስተካክለሽ ካላሳየሽኝ፣ የማታውን ትርኢት በድሮው በወረቀቱ ነው የምሸጠው። ውሉንም እርሺው።»

መጀመሪያ አባቷ ጋ ሄደች። «አባዬ፣ ይቅርታ፣ ፕሮግራሙ ተሳስቶ ነው።»

«እኔስ ዓይን የለኝም፤ ያንቺ ማሽን ምን ሆነ?» አለና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

መጋረጃው ተከፈተ። ወዲያው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው አንገቱን ወደ ጎረቤቱ መለስ አድርጎ «ምን ሆነ?» ሲል ጠየቀ።

«እሽሽ!»

አባትየው በትሩን ጨበጥ አድርጎ አቀረቀረ። «ግድ የለም፣ በድምፁ እከተላለሁ» አላት ቀስ ብሎ። «ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን እየመታ ይጠራታል። ኮዱን መጻፉ ቀላል ነው፤ መፈተኑ ግን እስከ እረፍቱ ይወስዳታል። ላፕቶፗን ከደነችና ከአባቷ ወንበር ሥር ገፋችው። መተላለፊያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«አንድ ሰውዬ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ ገብቷል» አለችው። «እሱ ግን አላወቀም። ሽክ ያለ መስሎት ይንጎራደዳል።»

ሰው ሁሉ ስቆ ካበቃ በኋላ፣ አባትየው ብቻውን ሳቀ።