ስልኩ ቀድሞ ሰማ

ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ሽበት ቀለም እየቀባች ሳለ መስታወቱ ሥር ያስቀመጠችው ስልክ በራ። እጇ በቀለም ተነክሮ ስለነበር ደንበኛዋ አንስታ አነበበችላት።

«‹መስማት ከብዶዎታል? የጆሮ መሣሪያችንን በነፃ ይሞክሩ!›» ሳቋ መጣ። «አንቺ፣ ጆሮሽ ደከመ እንዴ?»

«ሰሞኑን አላስቀምጥ ብሎኛል። ትናንትማ ሽበታም ሴትዮ አሳይቶ ‹የልጅ ልጆችዎን ጨዋታ ይስሙ› አለኝ። ልጄ እንኳ ገና አላገባች!»

«ዱቤ ጠይቂው፤ ያኔ ይተውሻል።»

አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ ነገሩን ለልጇ እንደ ቀልድ አነሳችላት። ልጅቷ ውሎዋ ከኮምፒዩተር ጋር ስለሆነ እንዲህ ያለው ነገር አይደንቃትም።

«እማዬ፣ እንዲያው ከመሬት ተነስቶ አይመጣም። ከዚህ ቤት በስልኩ የፈለገው ሰው አለ ማለት ነው። ኢንተርኔታችን አንድ ስለሆነ አንዳችን የፈለግነውን አይተው ነጋዴዎቹ ማስታወቂያውን ለሌላውም ይልካሉ።»

«እኔ አልፈለግኩም።»

«እኔም።»

ሁለቱም ዘወር አሉ። አባትየው ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ መስኮቱ ሥር የአንድ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ይጠግናል።

«አባዬ!» አለች ልጅቷ። ቀና አላለም።

እናትየው ካለችበት ቁጭ አለች። ከወጥ ቤት ሆና ስታወራው ዝም የሚላት፣ አንድ ነገር ስትጠይቀው ሌላ የሚመልስላት ይህ ሰው ስንት ጊዜ አስኮርፏታል! ሰለቸሁት መሰለኝ ብላ እህቷ ዘንድ ሄዳ አልቅሳለች። ለካ አልሰማትም። እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ከፋት። አብራው ከኖረች ሚስቱ የደበቀውን ገበና፣ መልኩን አይቶት የማያውቅ ነጋዴ ቀድሟት አወቀ።

«ልጠይቀው?» አለች ልጅቷ ብድግ እያለች።

«ተይው! ማን ነገራችሁ ቢለን ስልክ ልንለው ነው? በጆሮው እንጀራ የሚበላ ሰው ነው። እሱም ጨንቆት ይሆናል።»

«እንግዲያው ማስታወቂያውን እናጥፋው።»

ስልኩ ግን ምክንያት ጠየቀ፦ ‹አይመለከተኝም› ወይስ ‹ተደጋገመብኝ›? የእናትየው ጣት ‹አይመለከተኝም› ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ሌላ የለውም?»

«ሌላ ምን?»

«‹ራሱ ይንገረኝ› የሚል።»

ልጅቷ ሳቀች። እናትየው አልሳቀችም። ‹ተደጋገመብኝ› የሚለውን ተጭና ስልኩን ለልጇ ሰጠቻትና ወንበሯን ወስዳ ባሏ ፊት ለፊት አስቀመጠች። ደንገጥ ብሎ ቀና አለ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሥራ እንዴት ዋለ?» አለችው፤ ሳትጮህ፣ ቀስ ብላ።

ከንፈሯን አየ። ቀጥሎ እጁ ላይ ያለውን ሬዲዮ አየ።

«ይሄን ዛሬ መለሱብኝ» አለ። «በደንብ ሠርቼ የሰጠኋቸው ነበር። ‹ይንጫጫል፣ እንዴት አልሰማህም?› አሉኝ። ከፍቼ ባየው፣ ባየው... እኔ እንጃ...»

ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ‹አልሰማ አለህ?› ብላ ልታግዘው ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ዋጠችውና ራሱ እስኪነግራት ጠበቀችው።