የባሏ ዓይን ዱካ

ቅናት አያድርስ ነው! ቴክኒሻኗ ላይ እሳቱን የለኮሰችባት ጎረቤቷ ናት፤ “ባልሽና ከገበያው ማዶ ያለችው ባለ ፋርማሲ ሲሳሳቁ ታዩ አሉ” ብላት ቤቷ ገባች። ባልየው ልብስ ሰፊ ነው። ሲጠየቅ “የቷ ባለ ፋርማሲ? ኧረ አላውቃትም!” አለ። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች።

የምትሠራው የዓይን እንቅስቃሴ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሰው ፎቶ ሲያይ ዓይኑ አርፎ አይቀመጥም፤ ከዓይን ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ አፍ እየዘለለ ይለቅማል፣ አንጎል ደግሞ የተለቀመውን ገጣጥሞ “እገሌ ነው” ይላል። የሚያውቁት ፊት ሲሆን ሥራው ቶሎ ያልቃል። ካሜራው ዓይን ያረፈበትን በነጥብ፣ የዘለለበትን በመስመር ያሳያል። ምላሱ ቢዋሽ ዓይኑ የት ያመልጠኛል አለች በሆዷ።

በምሳ ሰዓት ባሏን ላቦራቶሪው ድረስ ጠርታ “መሣሪያውን ልሞክርብህ” ብላ አስቀመጠችው። የዋህ፣ አገጩን ማስደገፊያው ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከማያውቃቸው ሰዎች ፎቶ መሀል ከፌስቡክ ያወጣቻትን ባለ ፋርማሲ ሰክታለች። ለማወዳደሪያ ብላ የራሷንም ጨመረች።

ባለ ፋርማሲዋ ፊት ላይ የባሏ ዓይን ያልረገጠው ቦታ የለም፤ እንደ ሌሎቹ ባዳዎች ሁሉ። አያውቃትም! ያቺ ሐሜተኛ! እፎይ ልትል ስትል ዓይኗ የራሷ ፎቶ ላይ ወደቀ። አፍንጫዋ ላይ ሁለት ነጥብ፣ በቃ። የሚያውቁት ፊት እንዲህ እንደሚታይ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ማን ሊሰማ! ለባዳዋ ያን ሁሉ፣ ለሚስቱ ሁለት ነጥብ?

“ምነው ፊትሽ ጠቆረ?”

“ምንም።”

“እንግዲያው ተራው ያንቺ ነው፤ ቁጭ በይ” አላት እየሳቀ። እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች። የሱን ፎቶ ጨመሩበት፣ ቁልፉን እሱ ተጫነ።

ውጤቱን ቀድሞ ያየው እሱ ነው። የራሱ ፊት ላይ አንዲት ነጥብ ጠብ ብላለች። ባለ ፋርማሲዋ ግን ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ ከጉትቻዋ እስከ ከንፈሯ መስመር በመስመር ሆና መልኳ እንኳ አይለይም። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

“እኔን በአንድ ነጥብ አሰናብተሽ፣ እንዲህ ያፈጠጥሽባት ይህች ማናት?”

ትንገረው? ያላወቃትን ሴት በገዛ አፏ ልታስተዋውቀው! ቴክኒሻኗ ስክሪኑን አጠፋችና ቦርሳዋን አነሳች።

“ማናት እኮ ነው የምልሽ?” አለ ባልየው፣ ከወንበሩ ሳይነሳ።