ከረጋች ጠብቅ

በሆስፒታሉ አባባል ባዝራዋ የሞተችው ዘግይታ ስለመጣች ነው። የላካት ሐኪም ጠንካራ ማስታገሻ ወጋት፤ ሕመሙ ተሸፈነ፤ እሱም የተሻላት መስሎት አሳደራት። ሆስፒታል ስትደርስ የተጠማዘዘው አንጀቷ ሞቶ ነበር። በላካት ሐኪም አባባል ደግሞ ባዝራዋ የሞተችው «ጠብቅ» ስለተባለ ነው። የመጀመሪያውን አባባል የሆስፒታሉ ሰው በሙሉ ያውቀዋል። ሁለተኛው የተነገረው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው፤ እሷም አሁን ከፕሮጀክተሩ ጎን ቆማ የመጀመሪያውን ልታቀርብ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

የእንስሳት ሐኪም ከሆነች ቆይታለች። የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናዋን ልትጨርስም የቀራት ጥቂት ወራት ነው። ባዝራዋን የላከው ሐኪም ታላቅ ወንድሟ ነው።

ስብሰባው በወግ «የጉዳይ ግምገማ» ይባላል፤ ሰልጣኞቹ ግን «ለቅሶ ቤት» ይሉታል። በየሳምንቱ ከሞቱት እንስሳት አንዱ ይመረጥና ቢላዋውን የያዘው ሰው ቆሞ ያስረዳል። ሁለት ደንቦች አሉት። አንደኛው፣ ከውጭ የላከ ሐኪም ስሙ አይጠራም፤ እንዳያፍር ተብሎ «የላከው ሐኪም» ይባላል። ሁለተኛው፣ አቅራቢው ከመቀመጡ በፊት «ከእንግዲህ» ብሎ የሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ያ ዓረፍተ ነገር ሳይባል ማንም ከወንበሩ አይነሳም።

የመጀመሪያውን ምስል እንዳበራች የኋለኛው በር ተከፈተና ወንድሟ ገባ። የባዝራዋን ልጓም ለባለቤቷ ለባለ ጋሪው ሊወስድ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ወደ አዳራሹ ይገባል ብላ ግን አላሰበችም። ግራጫ ኮቱን ለብሷል። ያን ኮት ታውቀዋለች። ከዓመታት በፊት ሁለቱም ለዚህ ሥልጠና ተፈትነው ሁለቱም ሲያልፉ፣ ለቃለ መጠይቁ ብሎ የገዛው ነው። ክሊኒካቸውን መዝጋት ስላልተቻለ ከሁለት አንዳቸው መቅረት ነበረባቸው። «አንቺ ሂጂ» አላት ያኔ፣ «ስትመለሺ ተራው የኔ ነው።» ኮቱን ከዚያ ወዲህ ለብሶት አታውቅም። ዛሬ የለበሰው ለልጓም እንዳልሆነ ገባት፤ የሥልጠናውን ኃላፊ ፕሮፌሰሩን ስለ ተራው ሊያነጋግር ነው የመጣው።

«የላከው ሐኪም» ብላ ጀመረች፣ «የሆድ ቁርጠት እንደሆነ በትክክል ለይቷል።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ራሷንም ገረማት። የባዝራዋን ድድ መጥቆር፣ የሆዷን መነፋት፣ ሲከፈት ያገኙትን አንጀት በየተራ አሳየች። በምስሉ ላይ የጠቆረው አንጀት ሲታይ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። በዕለቱ እሳቸው እጃቸውን ከሆዷ ውስጥ ሰደው፣ ትንሽ ዳበስ አድርገው፣ «በቃ፣ ከሰመመን አታንቋት» ብለው ነበር። ባዝራዋ ከጠረጴዛው ሳትነሳ የመጨረሻው መርፌ ተሰጣት።

«ማስታገሻው ሕመሙን ስለሸፈነው፣ የላከው ሐኪም እንደ መሻል ቆጥሮታል» አለች።

«ማስታገሻውማ ሠርቷል!» አለ ከፊት ወንበር፣ በምላሱ ምክንያት «መቀስ» የሚሉት ሰልጣኝ። «ያረጋጋው ግን ፈረሷን ሳይሆን ሐኪሙን ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ትልቅ ሳቅ አልነበረም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተላቀቀው፤ ቢሆንም ሳቅ ነበር። ቀና ስትል ወንድሟ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ ትምህርት እንደሚከታተል ሰው ራሱን በእርጋታ ይነቀንቃል።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ይህ ሐኪም ለመጠበቅ ሲወስን ማንንም አላማከረም?»

በግድግዳው በኩል የተቀመጠችው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ አንገቷን ደፋች። በዚያ ቀን ስልኩን የያዘችው እሷ ነበረች። ሰልጣኟ የአንድ ውርንጭላ እግር ልትሠራ እጇን ታጥባ፣ ክርኗን አጥፋ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የታጠበ እጅ ስልክ አይነካምና ነርሷ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። «ባዝራዋን ሆዷን ቆርጧት ነበር፣ ማስታገሻውን ስሰጣት ረጋች» አለ ወንድሟ። «ጭኜ ልላካት ወይስ ልጠብቅ?» ከውስጥ ሰመመን ሰጪው ይጠራታል። «ከረጋች ጠብቅ። ማታ ደውልልኝ» አለችውና በትከሻዋ በሩን ገፍታ ገባች።

አንድ ጥያቄ ነበር መጠየቅ የነበረባት። ሕመም በማስታገሻ ይሸፈናል፤ የልብ ምት ግን እንዲያ በቀላሉ አይታለልም። ልቧ ስንት ይመታል? ጀማሪ ሰልጣኞችን ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ስልክ እንዳይዘጉ ስትቆጣ የምትውለው እሷው ራሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄው ፊቷን ስትታጠብ፣ ጫማዋን ስታስር፣ ሳታስበው ከአፏ ይወጣል።

ፕሮፌሰሩ ይጠብቃሉ።

«ከባዝራዋ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አልተጻፈም» አለች።

ውሸት አልነበረም። ነርሷ አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻትና መልሳ ደፋች።

«ከእንግዲህ» አለች ሰልጣኟ ቶሎ ብላ፣ «ከውጭ ለሚልኩልን ሐኪሞች ስለ ማስታገሻ አጠቃቀም አጭር ሥልጠና እንሰጣለን።»

ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሰው ተነሳ። ፕሮፌሰሩ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ጥሩ አቀራረብ ነው፤ ማንንም ሳትወቅሺ። እዚሁ እንድትቀሪ ያቀረብኩልሽን የመምህርነት ቦታ ነገር እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አሳውቂኝ። ሌላ ሰው መፈለግ አልፈልግም።» ለማመስገን አፏን ስትከፍት ወንድሟ ከእሳቸው ጀርባ፣ በእጅ ርቀት ላይ ነበር። ሰምቷል። ለፕሮፌሰሩ እጅ ነሥቶ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ምንም ሳያነጋግራቸው።

ግቢው ውስጥ፣ ፈረሶች ከሰመመን በሚነቁበት ክፍል አጠገብ፣ ፒካፑን ጥላ ፈልጎ አቁሟል። ልጓሙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይዞታል።

«ሚጢጢ» አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእሱ በቀር እንዲህ የሚጠራት የለም። «ያ ልጅ ማነው? ያ ቀልደኛው።»

«መቀስ ነው የሚሉት። አትቀየመው ጋሼ፣ አንተ መሆንህን አያውቅም።»

«ምን ልቀየመው? ጥሩ ቀልድ ነው። ሳልሰማው ብቀር ይቆጨኝ ነበር።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። «ባለ ጋሪው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እህትህ ትልቅ ሐኪም ናት፣ እሷ ያላዳነቻትን ማን ያድናታል› አለኝ። ያጽናናኛል እኮ!»

ከማንቂያው ክፍል ውስጥ ሰኮና ወለሉን መታ። ሁለቱም እኩል ጆሯቸውን ሰጡ፣ እኩል መልሰው ተያዩ። ይህን አብረው ነው የለመዱት። የፈረስ ሆድ ላይ ጆሮዋን አስደግፎ፣ «ዝም ያለ ሆድ ከሚጮህ ሆድ ይልቅ ያስፈራል» ብሎ ያስተማራት እሱ ነው።

«ልቧን ቆጥረህ ነበር?» አለችው። ጥያቄው በመጨረሻ ወጣ፤ ከጊዜው ውጭ።

«እንዴት አልቆጥርም? ቁጥሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፈጣን ነበር፣ በጣም ፈጣን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስትጠይቂኝ ልነግርሽ ነበራ። አልጠየቅሽም። ስፔሻሊስት ካልጠየቀ ዋጋ የለውም ማለት ነው አልኩ።» የኮቱን አቧራ አራገፈ፤ አቧራ ግን አልነበረውም። «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እጄ ጫናት ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ያንቺን አፍ እጠብቃለሁ። በገዛ እጄ ነው ያሳደርኳት።»

«ተመልሼ ልንገራቸው? ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው አሉ።»

ትኩር ብሎ አያት። በፊቱ ላይ ቁጣ ብትፈልግ አላገኘችም፤ ቢኖር ይቀላት ነበር።

«ሊናገር የቆረጠ ሰው፣ ሚጢጢ፣ ፈቃድ አይጠይቅም።»

አልተንቀሳቀሰችም። እግሮቿ ወደ ደረጃው ዞረው ነበር፤ እሷ ግን እዚያው ናት። በአንድ ቃሉ፣ «ሂጂ» ቢላት ትሄድ ነበር። እንደማይላትም ታውቅ ነበር። ያወቀችው ይህን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በታች ሌላም ነገር አገኘች። ሊላት የተቃረበውን ነገር አስቀድማ ገምታዋለች፤ እንዲለው ትፈልጋለች፤ በመፈለጓም ፊቷ ጋለ።

«ስለዚህ ቦታ መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«ላስብበት ብዬ ነው ጋሼ። እሺ አላልኩም።»

«እምቢም አላልሽም።»

በአዳራሹ መስኮት በኩል ነርሷ ወንበሮቹን ስትደረድር ትታያለች፤ አንድ ጊዜ ቆም ብላ ወደ ግቢው ተመለከተች።

ወንድሟ ኮቱን መልሶ ለበሰ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፤ የላይኛው ትንሽ አስቸገረው፤ ኮቱ ከተገዛ ወዲህ ወፍሯል። ከዚያ በአዳራሹ እንዳያቸው አቅራቢዎች እጆቹን ወደ ጎን ጥሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሊቀልድ ነው ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እሱ ግን ፈገግ አላለም።

«ከእንግዲህ» አለ፣ ድምፁ ግቢውን እስኪሞላ፣ «ፈረስ አላክምም፤ ተራዬንም አልጠብቅም። አንቺ እዚሁ ቅሪ።»