የኩርፊያ ጾም

ጸሐይወርቅ ከእግዚአብሔር ጋር ከተኳረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ሱዳን የቀረው ባሏ ኪሩ፣ የካናዳ ቪዛው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በወባ ሞተ። ቪዛው ግን አልሞተም፤ ማኅተሙን አሳምሮ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም፤ አንዲት «አቤቱ» እንኳ ከአፏ አልወጣችም። የሚገርመው፣ ጾሙን አልተወችም። ከባሏ የተኳረፈች ሴት ምሳ መሥራት ትተዋለች እንዴ? ዘግታው ታቀርብለታለች። እሷም እግዚአብሔርን እንደ ዘጋችው ረቡዕንና ዓርብን ትጾማለች።

ችግሩ እንጀራዋ ነው። ካናዳ፣ ስካርቦሮ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የክሬም ኬክ ፋብሪካ ትሠራለች። ስኳር መስሎት ጨው የጨመረ ሠራተኛ አንድ መኪና ሙሉ ኬክ ካስደፋ ወዲህ፣ ክሬሙ ወደ ማሽኑ ሳይገባ የማሽኑ ሠራተኛ በማንኪያ ይቅመሰው ተብሏል። ጸሐይወርቅ ግን ዘዴ አላት፤ አጠገቧ የምትቆመው የወሎዋ ፈትሂያ። በጾም ቀን ፈትሂያ ትቀምስላታለች፤ ፈትሂያ ለሶላት ስትሰወር ደግሞ ጸሐይወርቅ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች። ስምምነቱ ፊርማ የለውም፤ መንግሥታት ከሚፈራረሙት ውል ይልቅ ግን ይከበራል።

ዘንድሮ፣ በፈረንጅ 1993 መሆኑ ነው፣ ባሕረ ሐሳብና ጨረቃ ተማክረው መጡባቸው። ሁዳዴ ሰኞ ገባ። ሰኞ ማታ ፈትሂያ ደወለች።

«ጸሐይዬ፣ ጨረቃዋ ታይታለች። ነገ ረመዳን ነው።»

«እንኳን አደረሰሽ!» አለች ጸሐይወርቅ። «እና... ነገ ማን ሊቀምስ ነው?»

«እኔማ ውሃም አላይ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ፣ ባለፈው ወር ሌይ ኦፍ ተብለው ከሥራ የተቀነሱት ስድስት ሰዎች ትዝ አሏቸው።

ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባለው ሰፈር አፓርታማዋን የሚጋራት የአክስቷ ልጅ ዘርይሁን ከሶፋው ላይ ሆኖ ሰምቷል። ዘርይሁን በተማሪነቱ እግዚአብሔርን በአንድ ስብሰባ በሙሉ ድምፅ አሰናብቶ፣ ቃለ ጉባኤውንም ራሱ የጻፈ ሰው ነው። አሁን ታክሲ ይነዳል።

«ቀምሰሽ ትፊዋ!» አላት።

«ማንን ላታልል?»

«ያኮረፍሽውን ነዋ! ለማታናግሪው ጌታ ብለሽ ሥራሽን ልታጪ ነው?»

«ለማታለልም እኮ መኖሩን ማመን ይጠይቃል።»

«ካላመንሽማ ምን አስጨነቀሽ? ቅመሺዋ!»

እውነቱን ነው፣ ምን አስጨነቃት? አለ ብላ መማል አትችልም፤ የለም ብላ ማንኪያ ማንሳትም አቃታት።

ማክሰኞ ጠዋት ሱፐርቫይዘሯ ኤሌኒ መጣች። ስሟ የእኛን ይምሰል እንጂ የግሪኮቹ ሰፈር የዳንፎርዝ ልጅ፣ ግሪክ ናት፤ አንገቷ ላይ አውራ ጣት የሚያህል የወርቅ መስቀል ይወዛወዛል። ክሬሙ ሞልቷል፣ ማሽኑ ያጓራል፣ ሁለቱ ሴቶች ማንኪያውን እንደ እባብ ያዩታል።

«ቅመሺ» አለች በእንግሊዝኛ።

«ጾመኛ ነኝ።»

«አንቺስ?» ወደ ፈትሂያ ዞረች።

«እኔም።»

«አድማ ነው?»

«ኧረ የለም! የሷ የሷ ነው፤ የኔ የኔ ነው» አለች ፈትሂያ።

ኤሌኒ ጸሐይወርቅን አፈጠጠችባት። «የሷ ገባኝ። አንቺ ግን ኦርቶዶክስ ነሽ፤ እኔም ነኝ። ጾሙ የሚገባው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። አታሞኚኝ! ወይ ቅመሺ፣ ወይ ካፖርትሽን ልበሺ።»

እዚህ ላይ ጸሐይወርቅ ልጅ ሆና ከመሪጌታ አጎቷ የሰማችው ነገር ከሆዷ ተነሣ። እንግሊዝኛዋ እግሩ የተሰበረ ቢሆንም እያነከሰ ደረሰ።

«ይቺ ሳምንት የማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? የናንተ ናት! የንጉሣችሁ የሕርቃል! ፋርሶች የጌታን መስቀል ማርከው ሲወስዱ ሊያስመልስ ተነሣ። ነፍስ ያጠፋ ዕድሜ ልኩን ይጹም ይባል ነበርና ፈራ። ሕዝቡ፣ ‹አንተ ዝመት፤ ጾምህን ተካፍለን እንጾምልሃለን› አለው። እናንተ ረሳችሁት፤ እኛ ይኸው አሥራ ሦስት መቶ ዓመት እንጾምለታለን! አላየነውም፣ አያውቀንም፣ አንድ የምስጋና ደብዳቤ አልላከልንም። አንገትሽ ላይ ያሰርሽውን ላስመለሰልሽ ሰው እኔ አበሻዋ በባዶ ሆዴ ቆሜ፣ አንቺ ክሬም ቅመሺ ትይኛለሽ?»

ጸሐይወርቅ ራሷ ደነገጠች። «እንጾምለታለን» ያለችው እሷ ናት? ናት። ካላየው ንጉሥ ጋር የገባውን ቃል ይህን ሁሉ ዘመን ያላጠፈ ሕዝብ ልጅ ናት፤ ጀርባዋ ሳታዘው ቀጥ አለ።

ኤሌኒ መስቀሏን ዳሰሰች። ማንኪያውን አንሥታ ራሷ ቀመሰች።

«ጥሩ ነው» አለች፣ ለማሽኑ ይመስል። ቀጥላም፣ «ግን ሕግ ሕግ ነው። የማይቀምስ እዚህ አይቆምም። እስከ ፋሲካ ሁለታችሁም ትሪ አጠባ!»

ትሪ አጠባ የፋብሪካው ሲኦል ነው፤ እንፋሎቱ ዓይን ያጠፋል፣ ውሃው ጫማ ውስጥ ያድራል። ፈትሂያ የጎማ ቦቲዋን እየጎተተች፣ «ወላሂ ቄስ መሰልሽኝ! መስቀል አሳልሚኝ ልልሽ ምንም አልቀረኝ» አለቻት።

«ሂጂ ወዲያ! ይልቅ ሳሙናውን አምጪ።»

ፈትሂያ ወጣች። ጸሐይወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ ብቻዋን እንፋሎቱ መሐል ቆመች። ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ሰማህ አይደል?» አለችው። ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «የኪሩን ነገር ግን ገና አልጨረስንም።»

ከዚያ የመጀመሪያውን ትሪ ውሃው ውስጥ ነከረችው።