የሁለት ግቢ ውሃ

ጉድጓድ ቆፋሪው የታላቅ እህቱ ጉድጓድ ደረቀ ሲባል አልደነገጠም፤ ያደረቀው ራሱ ነበር። በቀደም የጎረቤቷን የልብስ ሰፊዋን ጉድጓድ ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮላት ነበር። ውሃ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ዝቅ ወዳለው ይሄዳል።

"እትዬ፣ ያንቺን ከልብስ ሰፊዋ ጉድጓድ በላይ ባጠልቀው የሷ ይደርቃል" አላት። "ከዚያ እሷ ትጠራኛለች፣ ከዚያ ደግሞ አንቺ። ከታች ያለው ውሃ እኮ አንድ ነው።"

"ታዲያ ልጆቼን ምን ላጠጣቸው? ምራቄን?"

እሷም እውነቷን ነው፤ ልብስ ሰፊዋም እንዲሁ ስትለው እውነቷን ነበር። እየተነጫነጨ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ።

ቀኑን ሙሉ ጭቃውን በባልዲ እያስወጣ ሲቆፍር ዋለ። አመሻሹ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቁርጭምጭሚቱን ነካው።

"እፎይ፣ እጅህ ይባረክ" አለች እህቱ ከላይ።

ወዲያው ከአፈሩ ማዶ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጉድጓድ፣ ሌላ ድምፅ ሰማ። ባልዲ ደረቅ መሬት እየፋቀ ነበር። ባልዲው ወጣ፣ ተመልሶ ወረደ፣ ደግሞ ፋቀ። ቆፋሪው ዶማውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"ምነው ዝም አልክ?" አለችው እህቱ። "ከወረድክ አይቀር ትንሽ ጨምርልኝ እንጂ።"

ጨመረላት።